ከወንበሩ አትሽሹ፤ ወንበሩንም አትግዙት

"የመንግሥት ሥራ አልቆለታል" የሚለው አነጋገር በዳንግላና በእንጅባራ ባሉ ሙስሊም ቤቶች ውስጥ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ልክ እንደ ፈትዋ እየተቆጠረ መጥቷል። አንድ አባት ልጁን ከ9ኛ ክፍል አስቀርቶ ሱቅ ሲያስገባው የሚጠይቀው የለም፤ ቢጠየቅም መልሱ ዝግጁ ነው፦ "ተምሮስ ምን ሊሆን? ደመወዝተኛ?" ማታ ማታ ቁርኣን ከማስቀራቸው ልጆች መካከል ባለፉት ሁለት ዓመታት አምስቱ በዚህ መንገድ ትምህርት አቁመዋል። አምስቱም ሰነፎች አልነበሩም። ንግድ የተከበረ ሥራ መሆኑን ማንም እንዲነግረን አያስፈልግም፤ አብዛኞቻችን ያደግነው በእርሱ ነው። ነገር ግን አንድን ልጅ ለንግድ የታደለ ሆኖ ስለተገኘ ወደ ንግድ ማስገባትና፣ ወንበርን ስለናቁ ብቻ ልጅን ከትምህርት ገበታ ማንሳት፣ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ይህን የምጽፈው የመንግሥት ሥራ ያበለጽጋል ለማለት አይደለም። አያበለጽግም። እኔ የመድረሳ መምህር ነኝ፤ የመንግሥት ደመወዝ ቀምሼ አላውቅም፣ ጡረታም የለኝም፤ ስለዚህ ለወንበሩ ጠበቃ የሚያደርገኝ የግል ጥቅም የለም። የምለው ይህን ነው፦ የመንግሥት ደመወዝ የዕድሜ ልክ መተዳደሪያ ሆኖ ብቻውን ቤት አያቆምም፤ ይሁን እንጂ ከየቤታችን አንድ ሰው እንኳ ወደዚያ ሥራ መግባቱ ከቀረ የምንከፍለው ዋጋ ከደመወዙ ማነስ እጅግ ይበልጣል። እነዚህን ሁለት ነገሮች አንድ ላይ መያዝ ያቃተን ይመስላል። ወይ ወንበሩን እናመልካለን፣ ወይ እንረግመዋለን።

ዳንግላ ውስጥ የማከብራቸው አንድ ነጋዴ አሉ። በዚህ ጉዳይ ስንከራከር፣ "ኡስታዝ፣ እስቲ ይቁጠሩልኝ" አሉኝ። "12 ዓመት ትምህርት ቤት፤ 4 ዓመት ዩኒቨርሲቲ፤ ከዚያ ደግሞ ሁለት ሦስት ዓመት የማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር መቆም። በዚህ ሁሉ ጊዜ የጎረቤቴ ልጅ ሱቅ ከፍቶ፣ አግብቶ፣ ወልዶ፣ ባጃጅ ገዝቷል።" የሐጂን ክርክር አቃልሎ ማለፍ አይገባም። እንዲያውም እርሳቸው ያልጠቀሱትን ቁጥር ጨምረንላቸው በሙሉ ጉልበቱ እንየው።

በመጀመሪያ ወንበሩ ጋ ለመድረስ በሩ ጠቧል። የ12ኛ ክፍል ፈተና በየዩኒቨርሲቲው መሰጠት ከጀመረበት ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች በመጀመሪያው ዓመት 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2 በመቶ፣ በ2016 5.4 በመቶ፣ በ2017 8.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። በእኛ ክልል ደግሞ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በመጣው ግጭት ምክንያት በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች ከትምህርት ርቀው ከርመዋል።

ከዚያ ደመወዙ ይመጣል። በደርግ ዘመን ዲግሪ ይዞ የሚቀጠር ሰው መነሻው 500 ብር ነበር። አንድ ዶላር እስከ 1985 ዓ.ም. መግቢያ ድረስ በ2 ብር ከ7 ሳንቲም ይመነዘር ስለነበር 500 ብር በመንግሥት ምንዛሪ 240 ዶላር ገደማ ነበር ማለት ነው። መንግሥት ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ ባደረገው ማስተካከያ የዲግሪ ጀማሪ ደመወዝ ከ6,940 ብር ወደ 11,500 ብር፣ ዝቅተኛው ከ4,760 ወደ 6,000 ብር፣ ከፍተኛው ከ21,492 ወደ 39,000 ብር ከፍ አለ። ለጆሮ ትልቅ ነው። ነገር ግን ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር፣ ማስተካከያው በተደረገበት ወር ከ140 ብር አልፎ ነበር። 11,500 ብር እንግዲህ 80 ዶላር ገደማ መሆኑ ነው፤ ልጁ የሚቀጠረው አባቱ በተቀጠረበት ሲሶ ነው።

ያውም ሙሉው እጁ አይገባም። በ2017 ዓ.ም. የተሻሻለው የገቢ ግብር አዋጅ ከግብር ነፃ የሆነውን መጠን ከ600 ወደ 2,000 ብር ቢያደርሰውም፣ ከ11,500 ብር ላይ 2,100 ብር ግብር ይቆረጣል፤ 7 በመቶ የጡረታ መዋጮ ደግሞ 805 ብር ነው። የሚቀረው 8,595 ብር ነው። አንድ ኩንታል ጥሩ ጤፍ ከዚህ ማስተካከያ በፊት በነበሩት ዓመታት እንኳ ከ10,000 ብር በላይ ሲሸጥ አይተናል። ደመወዝ የሚለውን ቃል "ደም" እና "ወዝ" ብለው የሚፈቱት ሰዎች ያለ ነገር አይደለም፤ ደሙም ወዙም ተሰጥቶ የወር እንጀራ አልሞላም።

ጡረታስ? ብዙ እናቶች ወንበሩን የሚወዱት ለጡረታው ነው። ሕጉ እንዲህ ይላል፦ ቢያንስ 10 ዓመት አገልግሎ 60 ዓመት የሞላው ሰው ከመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዙ 30 በመቶ ያገኛል፤ ከ10 ዓመት በላይ ላገለገለበት ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመርለታል፤ ጣሪያው 70 በመቶ ነው። 30 ዓመት ያገለገለ ሰው ስለዚህ 55 በመቶ ያገኛል። አማካይ ደመወዙ 8,000 ብር ከነበረ 4,400 ብር ማለት ነው። አልፎ አልፎ ማስተካከያ ይደረጋል፤ የገበያው ዋጋ ግን በየሳምንቱ ነው የሚያስተካክለው። በዚያ ላይ ጡረታ ያለው በመንግሥት ቤት ብቻ ነው የሚለው ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ እውነት አይደለም። በዚያ ዓመት የወጣው የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ የግል ትምህርት ቤት መምህሩንም፣ የፋብሪካ ሠራተኛውንም በዚያው ዓይነት ሥርዓት ውስጥ አስገብቷቸዋል፤ በሁለቱም በኩል ሠራተኛው 7፣ አሠሪው 11 በመቶ ያዋጣል።

እስከዚህ ድረስ ሐጂ ትክክል ናቸው። ቁጥሩን ማንም አይክድም።

ሐጂ ያልቆጠሩት ግን አለ። እርሳቸው የደመወዝተኛውን ኑሮ የሚያወዳድሩት ከማን ጋር ነው? ባጃጅ ከገዛው የጎረቤት ልጅ ጋር። ከዚያ ልጅ ጋር በአንድ ዓመት ሱቅ ከፍተው ከስረው የዘጉት የት ሄዱ? እነርሱን ማንም ለምሳሌ አይጠራቸውም፤ አንዳንዱ በሌላ ሰው ሱቅ ተቀጥሯል፣ አንዳንዱ አገር ለቅቋል፣ አንዳንዱ ዕዳውን ሽሽት በሌላ ሠፈር ይሰግዳል። የተረፈውን ነጋዴ ብቻ ቆጥሮ ንግድ ይሻላል ማለት፣ ከጦርነት የተመለሱትን ብቻ አይቶ ጦርነት ሰው አይገድልም እንደማለት ነው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ከባሕር ዳር አዲስ አበባ የሚወስደው መንገድ ስንት ጊዜ እንደተዘጋ፣ ዕቃ በመንገድ ላይ ስንት ቀን እንዳደረ፣ ገበያ ሳይቆም የዋለበት ሳምንት ስንት እንደነበር ከነጋዴው በላይ የሚያውቅ የለም። ደመወዝም ዘግይቷል፤ ሠራተኛውም ፈርቷል፣ ከገጠር ቀበሌ ወደ ከተማ ሸሽቷል፣ ቢሮ ቢገባም ባይገባም ተጠያቂ የሆነበት ቀን አለ። በደቡቡ የአገራችን ክፍል በወላይታና በሐዲያ በ2015 እና በ2016 ዓ.ም. ለወራት ደመወዝ ያልደረሳቸው መምህራንና ሠራተኞች ነበሩ። ወንበር ከመከራ ያድናል አልልም። ሱቅ ግን ያድናል ብሎ ለልጅ መማል ትክክል አይደለም።

ከሁሉ ይልቅ በዓይናችን ያየነውን የዲከረንስን ነገር እናንሳ። በአዲስ ቅዳም ዙሪያ፣ በፋግታ ለኮማ ወረዳ፣ ገበሬው በደከመው መሬቱ ላይ ይህን ዛፍ መትከል ሲጀምር ብዙ ሰው ስቆበት ነበር። ገበሬው ግን ብልህ ነው፤ በመጀመሪያው ዓመት ችግኙን ከጤፍ ጋር ይዘራል፣ ከዚያ ዛፉ ሲያድግ ሣሩን ለከብት ያጭዳል፣ በአራት በአምስት ዓመቱ ቆርጦ ከሰል ያከስላል፣ መሬቱም አርፎ ይጠብቀዋል። ከሰሉ በመኪና ተጭኖ አዲስ አበባ ድረስ ሄደ። ገበሬው ቆርቆሮ ቤት ሠራ፣ ከተማ ውስጥ ቦታ ያዘ፣ ልጁም "የወረዳ ባለሙያ የዓመት ደመወዝ የእኔ አንድ እርሻ ናት" አለ። እውነቱን ነበር። ከ2012 ዓ.ም. ገደማ ወዲህ ግን በሽታ ገባበት፤ ቅጠሉና ቅርንጫፉ ዝገት የመሰለ ነገር ወርሶት ማሳ ሙሉ ዛፍ ሳይደርስ ደረቀ። ያን ጊዜ ገበሬው የሮጠው ወዴት ነው? ሊስቅበት ወደ ከረመው የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት ነው። "ባለሙያ ይላክልን" አለ። ትምህርቱን አስቁመን የላክነው ልጃችን ያን ባለሙያ ሊሆን ይችል እንደነበር ያሰበ አለ?

እንጅባራንስ ማን አሳደጋት? ድንቹ ነው፣ ቀርከሃው ነው የሚል አለ፤ የእነርሱም ድርሻ አለበት። ነገር ግን እንጅባራ የአዊ ብሔረሰብ ዞን መቀመጫ ሆና ቢሮው ሲመጣ፣ ኋላም በ2010 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲው ማስተማር ሲጀምር፣ ከቢሮውና ከዩኒቨርሲቲው ጋር የመጣው ደመወዝ ነው ሱቁን በሱቅ ላይ የደረደረው። ነጋዴ ወንድሞቼ ይህን ሲሰሙ ቅር እንዳይላቸው የዱቤ ደብተራቸውን ይግለጡ። በደብተሩ ላይ ስሙ የተጻፈው ማን ነው? መምህሩ፣ ነርሷ፣ የፍርድ ቤት ጸሐፊው፣ የውሃ ልማት ሠራተኛው። ወር ሲያልቅ ደብተሩ የሚሰረዘው በማን ገንዘብ ነው? ቤቱን የተከራየው፣ ጫማውን ለልጁ የገዛው፣ ለዒድም ሆነ ለፋሲካ ዘይትና ስኳር የወሰደው ማን ነው? የምንስቅበት ደመወዝ የራሳችን ገበያ ነው። ደመወዙ ሲያንስ የእኛም ሽያጭ ያንሳል፤ ስለዚህ ስለ ሠራተኛው ደመወዝ መጮህ የነጋዴውም ጉዳይ ነበር። ግን ነጋዴው ሲጮህ አልሰማሁም፤ ሲስቅ ነው የሰማሁት።

ወንበሩን ለምን ቶሎ እንደምንንቀው ሳስብ ታሪካችን ይታየኛል። በጎጃም ከተሞች ሙስሊሙ ነጋዴና ሸማኔ የሆነው ወድዶ ብቻ አይደለም። ከ1966 ዓ.ም. በፊት በሰሜኑ የአገራችን ክፍል ሙስሊም በአብዛኛው ርስት አይዝም ነበር፤ ሹመትም ወደ እርሱ አይመጣም። የቀረለት ገበያውና ሸማው ነው። ዳንግላ የእንግሊዝ ቆንስል ተቀምጦባት በነበረበት በ1920ዎቹ መጀመሪያ ቢሮ የሚባል ነገር በደጃችን ነበር፤ አያቶቻችን ግን በፊቱ የሚያልፉት በቅሏቸውን ጭነው ነው። ከዚያ ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. መጣ። በአዲስ አበባ ሙስሊሞችና አብረዋቸው የቆሙ ክርስቲያን ወገኖች በብዛት አደባባይ ወጥተው ለመንግሥት ካቀረቧቸው ጥያቄዎች አንዱ ምን ነበር? በመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ በጦር ሠራዊትና በዲፕሎማሲ ሥራ ከሌላው ዜጋ እኩል ለመቀጠር። በዓላቶቻችን ብሔራዊ በዓል የሆኑት ከዚያ በኋላ ባለው ዓመት ነው፤ ያንን ሁላችንም እናስታውሳለን፣ ዒድ ሲመጣ እናወሳዋለን። የሥራውን ጥያቄ ግን ረስተነዋል። አባቶቻችን በእግራቸው ተሰልፈው የጠየቁትን በር እኛ ከውስጥ ሳይዘጋብን ከውጭ ልንዘጋው ነው።

"ታዲያ ከእኛ ሰው ቢሮ ቢገባ ምን ይጠቅመናል? ሊያዳላልን ነው?" የሚል አለ። አይደለም፤ ለወገኑ የሚያዳላ ሠራተኛ አንፈልግም፤ እንዲህ ያለው ነገ ለሌላው ሲያዳላብን የምንናገርበት አፍ ያሳጣናል። ጥቅሙ ሌላ ነው። በ2009 ዓ.ም. ሐምሌ የቀን ገቢ ግምት ወጥቶ በየከተማው ነጋዴው ሲጮህ አስታውሳለሁ። የጮኸው ብዙ ነው፤ አቤቱታ በሥርዓቱ ጽፎ፣ በቀነ ገደቡ፣ ለሚመለከተው አካል ያስገባ ግን ጥቂት ነው። በቤቱ ውስጥ ወረቀት የሚያውቅ ሰው ያለው ነጋዴ አስገባ፤ የሌለው ሻይ ቤት ተቀምጦ ተማረረ። የቦታ ካርታ፣ የውርስ ጉዳይ፣ የሕክምና ሪፈር፣ የልጅ የልደት ምስክር ወረቀት፣ የመስጊድ ይዞታ ማረጋገጫ፣ ይህ ሁሉ በወረቀት የሚሄድ ነው። ዓመት ሙሉ የማይገባውን ወረቀት ይዞ ከመስኮት ውጭ የሚቆም ሕዝብ ሱቁ ቢሞላም ጎዶሎ ነው። እንዲያው በዚያው ላይ፣ በዞናችን ጉዳዩን በአዊኛ የሚያስረዳ ገበሬ ሲመጣ አዊኛ የሚሰማ ሠራተኛ ማግኘቱ ምን ያህል እንደሚያሳርፈው ያየ ሰው፣ በቢሮ ውስጥ "የራስ ሰው" ማለት አድሎ ማለት ብቻ እንዳልሆነ ይገባዋል።

ሥራው ከዲን ያርቃል የሚሉም አሉ። ለእነርሱ መልሴ አጭር ነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤት የዓርብ የምሳ ሰዓት ከ5፡30 እስከ 7፡30 የሆነው ለጁምዓ ነው። ዓርብ ደንበኛ የበዛበት ነጋዴ ሱቁን በስንት ሰዓት እንደሚዘጋ እኔ አልናገርም፤ በመጨረሻው ሶፍ የሚቆመው ማን እንደሆነ ኢማሙ ያውቃል።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ በአብዛኛው ስለ ወንድ ልጅ ነው። ስለ ሴት ልጅ ሲሆን ስሌቱ በሙሉ ይለወጣል፤ ክርክሬም ከሁሉ የሚጠነክረው እዚህ ላይ ነው። "ደመወዝ ምን ያደርጋል፣ ሱቅ ይሻላል" የሚለው አባት ለወንዱ ሱቅ ይከፍትለታል። ለሴቷስ? በሁለቱ ከተሞቻችን ለሴት ልጁ መነሻ ካፒታል ቆጥሮ በስሟ ንግድ ፈቃድ ያወጣላት አባት ስንት ነው? ኸዲጃ (ረ.ዐ.) ነጋዴ እንደነበሩ በየዋዕዙ እናወሳለን፤ ለልጃችን ግን የአንድ መደርደሪያ ዕቃ አንሰጥም። ከዚያ ደግሞ ትምህርቷን "የማይጠቅም" ብለን እናስቆማለን። ሱቅም የለ፣ ወንበርም የለ፤ የቀረላት ምንድን ነው? የሰው እጅ ማየት።

ለሴት ልጅ ያለ ካፒታል፣ ያለ ደላላ፣ በራሷ ስም ገንዘብ የሚመጣበት በር ዛሬም በአብዛኛው ይኸው የመንግሥት ወንበር ነው። ለአንድ ደረጃ ለወንድም ለሴትም አንድ ደመወዝ ነው። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ የወሊድ ፈቃድን ከነደመወዙ 120 ቀን አድርጎታል፤ የትኛው ሱቅ ነው ለወለደች ሴት አራት ወር የሚከፍለው? ባሏ የመንግሥት ሠራተኛ ሆኖ ቢሞት ለጡረታ የሚያበቃ ዘመን ካገለገለ የጡረታውን 50 በመቶ እርሷ፣ ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ደግሞ 20 በመቶ ያገኛል። ትንሽ ነው፤ ግን ወር በገባ ቁጥር ይመጣል። የነጋዴ ሚስት ባሏ ሲሞት ምን እንደሚደርስባት ሁላችንም በለቅሶ ቤት አይተናል፤ ገና ሦስተኛው ቀን ሳይሞላ አበዳሪው ደብተሩን ይዞ ይመጣል፣ ተበዳሪው ግን አይመጣም።

ሌላም አለ። ሚስቶቻችን ሊወልዱ ሲሄዱ ሴት አዋላጅ እንጠይቃለን። ሴት ሐኪም የለችም ብለን እናማርራለን፣ አንዳንዱም ሚስቱን ይዞ እስከ ባሕር ዳር ይሄዳል። ትክክለኛ ፍላጎት ነው፤ አልነቅፈውም። ግን ከየት ትምጣ? የሁሉም አባት ልጁን ከ8ኛ ክፍል ካስቀረ አዋላጇን የሚወልደው የማን ቤት ነው? የሌላውን ሰው ልጅ ድካም እየጠበቅን የራሳችንን ልጅ ማስቀረት ፍትሕ አይደለም።

ወደ ሁለተኛው ወገን ልመለስ፤ ወንበሩን ወደሚያመልኩት። እነዚህ ደግሞ የባሱ ናቸው። የእኅቴ ልጅ ስሙን በማልጠራው አንድ መሥሪያ ቤት የወጣ ክፍት የሥራ ቦታ ተወዳድሮ ፈተናውን አለፈ። ከዚያ አንድ የማይታወቅ ሰው ደውሎ "ለሻይ" የሚሆን ጠየቀ። የሻዩ ዋጋ እናቱ ያላትን ጊደር ከነላሟ የሚያስሸጥ ነበር። ያስደነገጠኝ የደላላው ድፍረት አይደለም፤ ዘመድ ተሰብስቦ ሲመክር የሰማሁት ነው። "ሪሽዋ ነው፣ ሐራም ነው" ያለ ሰው እኔን ጨምሮ ሁለት ነበር፤ የቀረው ሁሉ የተከራከረው "በስንት ወር ይመልሰዋል?" በሚለው ላይ ነው። እስቲ እናስላው። በወር 8,595 ብር እጁ የሚገባ ሰው፣ ኪራይ ከፍሎና በልቶ፣ ያን ገንዘብ በስንት ወር ይመልሰዋል? ከደመወዙ ከሆነ በዓመታትም አይመልሰው። "ይመልሰዋል" ያሉት ሽማግሌዎች ከየት እንደሚመልሰው አውቀው ነው የተናገሩት፤ ካርታ ሊያወጣ ከመጣው ገበሬ፣ ፈቃድ ሊያድስ ከመጣው ነጋዴ፣ ማለትም ከእኛው ነው። "ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል" የሚለውን ተረት ያወጣው ሕዝብ ራሱ መሆኑን አንርሳ፤ ሹሙን የምናስተምረው እኛ ነን። ልጁ በመጨረሻ ሳይከፍል ቀረ፣ ሥራውም ቀረበት፤ ዛሬ በግል ትምህርት ቤት ያስተምራል፣ እናቱም ላሟን ታልባለች።

በዚህ ላይ መንግሥትም ተጠያቂ ነው። አቡበክር (ረ.ዐ.) ኸሊፋ በሆኑ ማግሥት የሚሸጡትን ጨርቅ ይዘው ወደ ገበያ ሲወጡ ዑመር (ረ.ዐ.) መንገድ ላይ እንዳገኟቸው፣ ከዚያም ለቤተሰባቸው የሚበቃ ከበይተል ማል እንደተቆረጠላቸው በሲራ የተማረ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል። ዋዕዝ ላይ ይህን የምናነሳው ስለ አቡበክር ትሕትና ልንናገር ነው። እኔ ግን ሁልጊዜ የምመለከተው የዑመርን አስተያየት ነው፦ የሕዝብ ሥራ የያዘ ሰው ለልጆቹ ጉርስ ገበያ ለገበያ ከዋለ የሕዝቡ ሥራ ይበደላል፤ ስለዚህ የሚበቃው ይሰጠው፣ ከዚያ ይጠየቅ። መጀመሪያ ይሰጠው፣ ከዚያ ይጠየቅ! እኛ አገር ቅደም ተከተሉ ተገልብጧል። በ2016 ዓ.ም. የአዲስ አበባ አስተዳደር በሺዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞችንና ኃላፊዎችን ለብቃት ፈተና አስቀመጠ፤ ብዙዎቹ ወደቁ፤ መፈተኑ መልካም ነው። ግን በ2017 ዓ.ም. ግንቦት የጤና ባለሙያዎች ደመወዛችን አልበቃንም ብለው ሥራ ሲያቆሙ፣ ከመካከላቸው የታሰሩ ነበሩ። ሐኪምን እያሰሩ በሽተኛ አይድንም። የመስከረሙ ጭማሪ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ መምጣቱ ጥሩ፣ የዋጋውን ሩጫ ግን አልደረሰበትም። ጡረታውም ሆነ ደመወዙ በየዓመቱ ከኑሮ ውድነቱ ጋር የሚታይበት ቋሚ ሕግ ከሌለ፣ ጎበዙ ሠራተኛ ይሄዳል፤ የሚቀረው መሄድ የማይችለውና የሚበላበትን መስኮት ያገኘው ነው።

ታዲያ ቤተሰብ ምን ያድርግ? እኔ የምመክረው አዲስ ነገር አይደለም፤ ድሮም በአንዳንድ ቤት የነበረ ነው። ከወንድማማቾች አንዱ ሱቅ፣ አንዱ ወይም አንዷ ቢሮ። ሱቅ ያለው የመምህር ወንድሙን ደመወዝ እየቆጠረ መሳቂያ ከሚያደርገው፣ የቤት ኪራዩን ይጋራው፤ መምህሩም የሱቁን ሒሳብ ይያዝለት፣ ልጆቹን ያስጠናለት፣ አቤቱታውን ይጻፍለት። ይህ ምጽዋት አይደለም፤ ሽርክና ነው። ወደ ወንበሩ የሚገባው ልጅም ዕድሜ ልኩን እንደታሰረ አይቁጠረው። 10 ዓመት ያገለገለ ሰው የጡረታ መብቱን መሠረት ጥሏል፤ ከዚያ ወደ ግል ድርጅት ቢዛወር ያገለገለው ዘመን ይታሰብለታል። ሥራውን፣ ሰውን፣ ሕጉን ተምሮ በ40 ዓመቱ ቢወጣ ከ9ኛ ክፍል የወጣው ነጋዴ የማያውቀውን ነገር አውቆ ይነግዳል። ወለድ እፈራለሁ የሚል ነጋዴም ዛሬ እንደ አባቶቹ መውጫ አላጣም፤ ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ እንደ ዘምዘምና ሒጅራ ያሉ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆኑ ባንኮች ተከፍተዋል። እነዚያ ባንኮች ውስጥም ቢሆን የሚቀጠረው የተማረ ልጅ መሆኑን ልብ ይሏል።

ሐጂ ይህን ሁሉ ሰምተው፣ "እሺ፣ ለልጄስ ማን ከፍሎ ያስተምራል?" አሉኝ። ጥያቄው ትክክለኛ ነው፤ ሐጂ ይችላሉ፣ የማይችል ግን ብዙ ነው። ለመስጊድ አጥር ቆርቆሮ ስንሰበስብ የሰጪው ስም ከነመጠኑ በማይክራፎን ይጠራል፤ እገሌ 50 ቆርቆሮ፣ እገሌ 20 ኩንታል ሲሚንቶ። ለአንዲት ልጃገረድ የዩኒቨርሲቲ መሄጃ የመኪናና የመኝታ ወጪ የሰጪ ስም የተጠራበትን ጁምዓ አላስታውስም። በመጪው መስከረም ኮሚቴዎቹ ሲሰበሰቡ ከሰጋጁ ልጆች መካከል 12ኛ ክፍል የደረሱትን፣ ሴቶቹን ለብቻ፣ ስም በስም እንዲጽፉ ጠይቄያለሁ። የአንደኛው መስጊድ ኮሚቴ እሺ ብሏል፤ ሁለተኛው እንመካከራለን ብሎ እስካሁን አልመለሰልኝም።